የአረጋዊ ሕመም የማን ዕዳ ነው?

በካርቱም ጀብራ ሰፈር ኑሯቸውን የመሠረቱ ኢትዮጵያውያን እርጅና ሲጫናቸው ለሕክምና የሚያንኳኩት በር ጥቂት ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ያቋቋመችው የመንግሥት የጤና መድን ቤተሰብን በአንድነት ይመዘግባል፤ ግን የመኖሪያ ወረቀት ይጠይቃል። የግል ኩባንያ ዕድሜ ይቆጥራል። ማኅበር የሚያውቀውን ሰው አይጥልም፤ ካዝናው ግን ለአንድ ቀዶ ሕክምና እንኳ አይበቃም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲፈነዳ ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ አገር ቤት ተመለሱ። ጥያቄውም አብሯቸው ተሻገረ። አዋጅ ቁጥር 690/2002 ጡረተኛን በማኅበራዊ የጤና መድን ያቅፋል፤ በሰው ቤት ሠላሳ ዓመት ልብስ ያጠበች ሴት ግን ጡረታ የላትም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለእርሷ ይቀርባል፤ መዋጮው የሚጠየቀው ከቤተሰብ ነው፣ ዕድሜዋ ዋጋውን አያንረውም።

ልጁ ከውጭ ገንዘብ የሚልክለት ሽማግሌ የግሉን ቢመርጥ ማን ይወቅሰዋል? ወረፋ ያሰለቸው ሁሉ ይረዳዋል። ኩባንያውም በዕድሜ ላይ ዋጋ ሲጨምር ስሌቱ አልተሳሳተም። ሆኖም ጤነኛና ባለገንዘብ ከጋራው ቋት ከወጣ፣ በውስጡ የሚቀረው ሕመምተኛና ድኻ ብቻ ነው። የወጣቱ መዋጮ ምጽዋት ሳይሆን ዕዳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መክፈል ለማይችል መንግሥት ይከፍልለታል። ድኻውን የሚለየው ግን የቀበሌው ነዋሪ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ጀብራ የኖረችውን ማን ያውቃታል?