የሰንበት እሳትና የምግብ ለውጥ

ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 35 በሰንበት ቀን እሳት ማንደድን መከልከሉ፣ ሕጉን በተቀበሉት ወገኖች መካከል አንድ የቆየ ጥያቄ አስነሥቷል፤ ይኸውም ቀድሞ የበሰለ ምግብ በሙቀት ላይ ሲያድር ሥራው ተፈጽሟል ወይስ ይቀጥላል የሚል ነው። የአይሁድ ረቢዎች ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ በተነደደ እሳት ላይ ምግብ እንዲያድር በተወሰነ ሥርዓት ሲፈቅዱ፣ የረቢዎችን ትውፊት የማይቀበሉት ጥንታውያን ቀራውያን ይህን ከልክለዋል፤ ቤተ እስራኤልም በኢትዮጵያ ሳሉ እሳቱን አጥፍተው የቀዘቀዘ ምግብ ይመገቡ ነበር።

የሥነ ምግብ ዕውቀት እንደሚያስረዳው የምግቡ ለውጥ በእርግጥ አያቋርጥም፤ በውኃ የሚሟሟውና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ በቀላሉ የሚበላሸው ቫይታሚን ሲ፣ እንዲሁም በቅጠላ ቅጠል የሚገኘው ፎሌት፣ ድስቱ ትኩስ ሆኖ በቆየ ቁጥር እየተመናመኑ ይሄዳሉ፤ ወደ መረቁ የወጣው ክፍል ግን መረቁ እስካልተደፋ ድረስ ለተመጋቢው ይተርፋል። ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው የካሮት ካሮቲን በአንጻሩ፣ በልክ ሲበስልና ከቅባት ጋር ሲበላ ይበልጥ ለሰውነት ይደርሳል።

ከዚህ ተነሥቶ ክልከላውን የጤና መመሪያ ማድረግ ግን ስሕተት ነው፤ የሕጉ ክርክር ሰው በሰንበት ስለሚፈጽመው ድርጊት እንጂ ምግቡ በራሱ ስለሚያልፍበት ለውጥ አይደለም፣ ቀዝቅዞ ያደረ ምግብም ቢሆን ቀስ በቀስ ቫይታሚን ሲ ማጣቱን አይተውም።