ለውሻ የምንነግረው ቃል

በአቃቂ ቃሊቲ፣ በየፋብሪካው አጥርና በየቤቱ ደጃፍ፣ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ እናያለን። ከሰው አፍ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ «ሂድ!» እና «ዝም በል!» ነው። ታዲያ ከዚህ የበለጠ ሊያስተውል ይችላልን?

በአሜሪካ አገር የሥነ ልቦና መምህር የነበሩት ጆን ፒሊ፣ «ቼዘር» የተባለች ውሻቸውን በሦስት ዓመት ውስጥ የ1,022 ዕቃዎችን ስም አስተማሯት፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። መጫወቻውን እያሳዩ፣ ስሙን እየደጋገሙ፣ ከዚያም ደብቀው ያስፈልጓት ነበር። ዋጋዋም ምግብ ሳይሆን ምስጋናና ጨዋታ ነበር።

ቃልን መለየት ግን መናገር አይደለም። ለእንስሳት ስም ያወጣው አዳም ነው፤ ቼዘር ለአንዱም መጫወቻ ስም አላወጣችም። ይሁን እንጂ ስም የማውጣት ሥልጣን የተሰጠው፣ ስሙን ሰምቶ ለሚመጣው ፍጥረት ኃላፊነት አለበት እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ በቁጥር 2418፣ እንስሳትን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየት የሰውን ክብር እንደሚቃረን፣ በቅድሚያ ለችግረኞች የሚገባውን ገንዘብም ለእነርሱ ማዋል እንደማይገባ ያስተምራል። (ሁለተኛውን ብቻ መጥቀስ የሚቀናን አንጠፋም።) ነገር ግን አጥንት ደብቆ ማስፈለግ፣ ማታ ፈትቶ ማንሸራሸር፣ በስም መጥራት ከድኻው ድርሻ ሳንቲም አይወስድም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ ፍጥረት ሲያስተምሩ፣ ልጆቹን የደጃቸውን ውሻ ስም ይጠይቋቸው። ስም ያልወጣለት ቢገኝ፣ በዚያው ዕለት ያውጡለት።