ስለ አዲስ ምስጋናና ስለ መኪና ከበሮ

ዜማ ያለ ሥጋ አይዘመርም። ጉሮሮና ሳንባ፣ እጅና እግር ሁሉ ይገቡበታል፤ ስለዚህም አንድ ዜማ የሰውን አካል ወዴት እንደሚመራው መጠየቅ ለመምህራን የተገባ ነገር ነው። ጥያቄው ከጥንት ጀምሮ የነበረ ቢሆንም፣ በዘመናችን በድሬዳዋ ከተማ፣ ይልቁንም ደቻቱ ወንዝ ከከዚራ በሚለያት በመጋላ፣ አዲስ መልክ ይዞ መጥቶአል። አንዳንድ ወጣቶች የቤተ ክርስቲያንን መዝሙር በኮምፒዩተር እየቈራረጡ፣ ፍጥነቱን እየጨመሩ፣ በመኪና ከበሮ እያጀቡ «ሪሚክስ» የሚሉትን ያወጣሉ። ይህም በባጃጅና በሱቅ ደጃፍ ሲያስተጋባ እንሰማለን።

ሰሚው በሁለት ተከፍሎአል። አንዱ ወገን «ዘፈን ነው» ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ሁለተኛው ወገን «ወጣቱን ከጭፈራ ቤት የሚመልሰው ይህ ብቻ ነው» ይላል። ሁለቱም ነገሩን ሳይመረምሩ ወደ ፍርዱ የተጣደፉ ይመስለናል።

አዲስነቱ ብቻ ሊያስኰንነው አይችልም። ድሬዳዋ ራስዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲድ ጋር የተወለደች ከተማ ስትሆን መኪናን እንደ እንግዳ ቈጥራ ልትሸሽ አይቻላትም። የቤተ ክርስቲያንም ታሪክ እንዲሁ ነው። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን በደረሰ ጊዜ ለሰሚው ሁሉ አዲስ ነበረ። ከእርሱ በኋላ ሺሕ ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ከአፍ ወደ ጆሮ ይተላለፍ የነበረውን ዜማ በምልክት አደራጅተው በብራና ላይ እንዲነበብ አደረጉት። ከሁሉም ይልቅ ቅኔን እንመልከት። ትናንት የተቀኘውን ዛሬ የሚደግም ባለ ቅኔ ያፍራል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ደግሞ እንደ ሌባ ይቈጠራል። እንግዲህ በየበዓሉ አዲስ ምስጋና ይቅረብ የምትል ቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገርን ትጠላለች ማለት ትምህርቷን አለማወቅ ነው። ነገር ግን ባለ ቅኔው የሚያድሰው ቃሉንና ምሥጢሩን ነው እንጂ፣ የአባቶችን ድርሰት ቈራርጦ መስፋት አይደለም።

የአካል እንቅስቃሴም እንዲሁ ነውር አይደለም። ንጉሡ ዳዊት በታቦቱ ፊት መዝለሉን፣ ሜልኮልም ስለ ናቀችው መነቀፏን መጽሐፈ ሳሙኤል ይነግረናል። ማኅሌት የቆመ ሰው ደግሞ ያውቀዋል፤ ዜማው በቁም ዜማ ይጀምራል፣ በዝማሜ መቋሚያ ይወዛወዝለታል፣ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገቡለታል፣ በጽፋት ይፈጥናል። ሽማግሌው ደብተራ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ንጋት ላይ እንደ ሕፃን ሲያሸበሽብ ያየ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን እግርን አስራ ልብን ብቻ ትጠራለች ሊል አይችልም።

ታዲያ ልዩነቱ ከምን ላይ ነው? መኪናው የሚመታው በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ያህል ጊዜ ነው፤ ይህም ልክ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ አገር በቺካጎ የጭፈራ ቤቶች የተለመደ፣ ሰውን ያለ ዕረፍት ለማስጨፈር የተመረጠ ልክ ነው። የእኛ ከበሮ መቺ ግን መሪ ጌታውን አይቶ ይመታል፤ አዛውንቱ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ይጠብቃል፣ ሕዝቡ ሲሞቅ ያፈጥናል። ሊቃውንት ከበሮውን ሲተረጕሙ ሰፊው አፍ የመለኰት፣ ጠባቡ አፍ የትስብእት፣ ጠፍሩም በጌታችን ጀርባ ላይ ያረፈው የግርፋት ሰንበር ምሳሌ ነው ይላሉ። እንግዲህ መቺው በደረቱ የተሸከመው ሕማማቱን ነው። መኪናው ማንንም አይሸከም፣ ማንንም አይጠብቅ። ይህን ስንል መኪናው ኃጢአተኛ ነው ማለታችን አይደለም፤ ኃጢአትም ጽድቅም የሌለው መሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው።

አንድ ወጣት የሠራውን አምጥቶ አስደመጠን። ከአንድ ሊቅ ድምፅ ላይ አንዲት የግእዝ ቃል ወስዶ ደጋግሞአታል። ቃሏ «ኢየኀልፍ» ነበረች፤ አያልፍም ማለት ናት። እኛ የሰማነው ግን «የኀልፍ፣ የኀልፍ» የሚል ነው።

«ልጄ፣ ‹ኢ› የት ገባች?» አልነው።

«አባታችን፣ ምቱ አልገጥም ስላለኝ ቈረጥኋት፤ ሰሚው እንደ ሆነ አይለየውም» አለን።

በትሕትና የተናገረው ቃል ነው፤ ልጁም ጨዋ ነው። ነገር ግን የማያልፈውን መንግሥት በአንዲት ፊደል ጕድለት አላፊ አድርጎት ነበር። ከዜማ ምልክቶች አንዱ «ቍርጥ» ይባላል፤ ድምፅ ከየት ላይ እንደሚቈረጥ የሚያሳይ ነው፤ ይህንም ለማወቅ ተማሪው በቤተልሔም ድጓ ቤት ዓመታትን ይፈጃል። በመኪናው ላይ መቍረጥ የአንድ ጣት ሥራ ነው። ወጣቱ በማግሥቱ «ኢ»ን መልሶ አስገባትና «ምቱ ተናጋ» ብሎ አዘነ። ምቱ ይናጋ አልነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን የጾም ነገር ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። ያ ዝምታ ራሱ ትምህርት ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ ከበሮው ሲጠፋበት «ምን ሆነ?» ይላል፤ በትንሣኤ ሌሊት ሲመታ ደግሞ ሰውነቱ ሁሉ ይሰማዋል፤ ሃምሳ አምስት ቀን ሲናፍቀው ቈይቶአልና። ከበሮው ከእኛ ጋር የሚጾም ነው ብንል ስሕተት አይሆንም። በስልክ የተቀመጠው ሪሚክስ ግን በዕለተ ስቅለትም በፋሲካም አንድ ነው፤ ጾምን ስለማያውቅ ፋሲካንም ሊያሳውቅ አይችልም። ደስታን ሁልጊዜ በእጁ የያዘ ትውልድ ደስታን እንዴት ይጠብቃል? ይህን ጥያቄ ለወላጆችም እንተወዋለን።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2023 በሊዝበን፣ ጊልሄርሜ ፔይሾቶ የተባሉ የፖርቱጋል ካቶሊክ ካህን የፖፕ ፍራንሲስ ቅዳሴ ከመጀመሩ በፊት ንጋት ላይ ለተሰበሰበው ወጣት በዲጄ መኪና ተጫወቱ፤ ያመሰገናቸውም የነቀፋቸውም ብዙ ነበረ። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ደግሞ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «የዘጠኝ ሰዓት አገልግሎት» የተባለ ጉባኤ ተነሣ (በእኛ አቈጣጠር የምሽቱ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው)፤ የጭፈራ ቤቱን ብርሃንና ምት ወደ ጸሎት አግብቶ ብዙ ወጣት ሰበሰበ። በ1995 (እ.ኤ.አ.) መሪው ሴቶችን መበደሉ ተገልጦ ጉባኤው ፈረሰ። ያፈረሰው ምቱ ነው አንልም። ሰው በዝቶ ሲሞቅ መሪውን «ማን ይመልከትህ?» የሚለው አለመገኘቱ ነው። በማኅሌት መካከል የተሳሳተውን ዲያቆን ግን መሪ ጌታው በዓይኑ ብቻ ይመልሰዋል።

ወደ መጋላ እንመለስ። ስሟ በኦሮምኛም በሶማልኛም ከተማ ማለት ነው፤ በቀፊራ ገበያ ዙሪያም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። አዛን በሚሰማበት ሰዓት የእግዚአብሔርን ስም በድምፅ ማጉያ እያስጮኹ ጫማ መሸጥ መዝሙርን ማክበር አይደለም፤ ጎረቤትን ማስከፋት፣ የተቀደሰውንም ስም የገበያ ጥሪ ማድረግ ነው። ይህ ከሪሚክሱም በፊት የነበረ ጥፋት ነው፤ በዚህ ነጋዴውን እንጂ ወጣቱን አንወቅስም።

ለወጣቶቹ የምንለው ይህ ነው። የያሬድን ዜማ አትንኩ፤ የሊቃውንትንም ድምፅ ሳታስፈቅዱ አትቍረጡ። የራሳችሁን የአማርኛም ሆነ የኦሮምኛ ምስጋና በራሳችሁ ቃል ድረሱ፤ ቃሉን ለመምህር አሳዩ፤ በኮምፒዩተር ብታጅቡት እናንተን ከቤተ ክርስቲያን የምናስወጣበት ምክንያት አይታየንም። ስሙን ግን ማኅሌት አትበሉት፤ በዐቢይ ጾምም ዝም አሰኙት። ታኅሣሥ 19 ቀን በደንገጎ ዳገት ወደ ቁልቢ ገብርኤል ስትወጡ፣ ከእናንተ ጋር የሚጓዙትን አሮጊቶች ጸሎት እንዳያውክ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት፤ ከቅጽሩ በር ስትደርሱ አጥፉት፤ ከዚያ ወዲያ የካህናቱ ከበሮ ይሰማል።