አያታችንን በምን እናስባቸው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ሆይ፤ በእምነት ኖረው ያረፉ አረጋውያንን ስናነሣ «እርሳቸውማ ቅድስት ነበሩ፤ እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ከእንግዲህ አይገኝም» ማለት የተለመደ ነው። ቃሉ የአክብሮት ቃል ነው። ነገር ግን ጠጋ ብለን ስንመረምረው አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ይኸውም የሞተውን ሰው ከፍ ከፍ ካደረግን በኋላ «የእነርሱ ዘመን ሌላ፤ የእኛ ዘመን ሌላ» ብለን ብንቀመጥ አከበርነው ወይስ ከእርሱ አመለጥን? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ በቅርብ በምናውቀው ሕይወት እንመርምረው። ካረፉ ገና ዓመት ያልሞላቸው አያታችን በደብረ ብርሃን ከተማ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት በጉልምስናቸው፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻውን ያወጀው መንግሥት ለሃይማኖት ወዳጅ አልነበረም፤ እርሳቸው ግን ባገኙት ፊደል መጀመሪያ ያነበቡት መዝሙረ ዳዊትን ነው። ከዚያ ወዲህ የሰኞውን በሰኞ፣ የማክሰኞውን በማክሰኞ ሳይደግሙ ወደ ምጣዳቸው አይሄዱም ነበር።

ዳዊት መድገማቸውን ሁሉም ያውቃል። ከዚህ ይልቅ ብዙ ያከራከረን ሌላ ነገር ነው። አንድ ክረምት ጎረቤታቸው አጥሩን ሲያድስ አንድ ክንድ ያህል ወደ እርሳቸው ግቢ ገፋ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ወሰኑ የእርሳቸው መሆኑን መሰከሩ፤ ጎረቤትየው ግን እምቢ አለ። ልጆቻቸው «እንክሰስ» አሉ። አያታችን የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል ወደ ሰውየው ደጅ ሄደው «መሬቱ የእኔ እንደ ሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ስለ እግዚአብሔር ብዬ ትቼልሃለሁ፤ ሰላምታህን ግን አልተውልህም» አሉት። ከዚያም ሱባዔያቸውን ያዙ፤ ቆረቡም። አጥሩ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ይህ ትዕግሥት ነው ወይስ መሸነፍ? «ግፈኛ ዝም ሲሉት ይለምዳል» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። ሆኖም አያታችን ዝም አላሉም። እውነቱን በሽማግሌ ፊት ካስመሰከሩ በኋላ ነው የተዉት፤ የራሱ የሆነውን የማያውቅ ሰው ሊተው አይችልምና። ከዚህም በላይ አንዲት የቤት ሠራተኛ ደመወዟን በተከለከለች ጊዜ እኒሁ አያታችን አልተዉም። ገንዘቡ እጇ እስኪገባ ድረስ ጠዋት ጠዋት ከአሠሪዎቿ በር ላይ ይቆሙ ነበር። እንግዲህ ለአንድ ክንድ መሬት ያልተሟገቱት ፈሪ ስለ ሆኑ አይደለም። የራስን መተው ትዕግሥት ነው፤ የሌላውን ድርሻ መተው ግን ግፈኛውን ማገዝ ነው። ይህን ልዩነት ማንም በመጽሐፍ አላስተማራቸውም፤ እየኖሩ ለዩት።

ዘመናቸውም ቀላል አልነበረም። አብዮቱንም፣ የ1977 ዓ.ም.ን ረኃብም ያሳለፈ ዘመን ነው። ስለዚህ «የእነርሱ ዘመን ሌላ ነበር» ማለት እውነት አይሆንም። ያን ጊዜም አጥር ይገፋ ነበር፤ ዛሬም ይገፋል። ያን ጊዜም የሠራተኛ ደመወዝ ይቀር ነበር፤ ዛሬም ይቀራል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት መጀመሪያ ላይ የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን እምነት ያነሣል። ያነሣው ግን ለማወደስ ብቻ አይደለም፤ ወዲያው ቀጥሎ ጢሞቴዎስ የተሰጠውን ጸጋ እንደ እሳት እንዲያነሣሣ ያሳስበዋል። አያቲቱ የተጠቀሰችው የልጅ ልጁ እንዲሠራ ነው። በሐዋርያት ሥራ 9ኛ ምዕራፍም ጣቢታ በኢዮጴ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ለጴጥሮስ ያሳዩት በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ ነው። ምስክሯ በሰው ገላ ላይ የነበረው ልብስ ሆነ።

ቤተ ክርስቲያናችን በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በሙት ዓመትም ላረፉት ትጸልያለች። ይህ ጸሎት ታላቅ ነገር ነውና ልናስታጉለው አይገባም። ነገር ግን ተዝካሩ በልቶ የተበተነው ሰው በማግስቱ ከተጣላው ጎረቤቱ ሰላምታ ቢነፍግ፣ የሠራተኛውን ላብ ቢያስቀር፣ ስማቸው ተጠራ እንጂ እርሳቸው አልታሰቡም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እያንዳንዳችን አያት ወይም አጎት፣ አክስት ወይም የክርስትና እናት አለን። በዚህ ሳምንት ከእነርሱ ሕይወት አንዲት ሥራ እንምረጥ፤ ከባዷን እንጂ የምትቀለንን አይደለም። እርሷንም ስማቸውን ሳንጠራ እንሥራት። ላረፉት ዕረፍተ ነፍስን፣ ለእኛም የእነርሱን ፈለግ የምንከተልበትን ብርታት እግዚአብሔር ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።