ቃሉ የማይለይ አቤቱታ

አንድ የኪነት ሥራ የተበዳዩን ወገን እሮሮ ይዞ ቢነሣ፣ ነገር ግን ቃሉ ለአድማጭ ጆሮ የማይለይ ቢሆን፣ ስለ ተበዳዩ ተናግሯል ሊባል ይችላልን? ስለ ቅርጽና ይዘት በየመድረኩ ብዙ ተብሏል። አብዛኛው ክርክር ግን የሚያተኩረው ቅርጹ አምሮ ይዘቱ ባዶ የሆነውን ሥራ በመንቀፍ ላይ ነው። ይዘቱ ከባድ ሆኖ ቅርጹ ሆን ተብሎ ጆሮ እንዲያደማ የተደረገ ሥራ ሲገጥመን ምን እንደምንል ብዙም አልተዘጋጀንበትም።

ለዚህ ጥያቄ ሁነኛ መፈተኛ የሚሆነው ናፓልም ዴዝ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1987 ያወጣው «ስከም» የተሰኘው የመጀመሪያ ረጅም ሸክላው ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱ «አተላ» እንደ ማለት ነው። ባንዱ በ1981 የተመሠረተው ከበርሚንግሃም ብዙም በማትርቅ ሜሪደን በምትባል መንደር ሲሆን፣ መሥራቾቹ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። በርሚንግሃም የብረታ ብረት ከተማ ነች። የዚያው ከተማ ልጅ የሆነው የብላክ ሳባዝ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ያጣው በፋብሪካ ማሽን ነበር፤ የጊታሩን ክር እያላላ ድምፁን ወደ ማወፈር ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ጉዳት ነው። የናፓልም ዴዝ ልጆች ሲያድጉ ግን ፋብሪካው ጣት መቁረጡን ትቶ በሩን መዝጋት ጀምሮ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የብሪታንያ ሥራ አጥ ቁጥር ከ3 ሚሊዮን በላይ ደርሷል።

ሸክላው 28 ዘፈኖች ሲኖሩት ሁሉም ተደምረው 33 ደቂቃ ያህል ብቻ ይወስዳሉ። የአንደኛው ገጽ ዘፈኖች በነሐሴ 1986 በኒክ ቡለን፣ በጀስቲን ብሮድሪክና በሚክ ሃሪስ ተቀረጹ። የሁለተኛው ገጽ በግንቦት 1987 ሲቀረጽ ከሦስቱ የቀረው ከበሮ መቺው ሃሪስ ብቻ ነበር፤ ድምፃዊው ሊ ዶሪያን፣ ጊታሩ ቢል ስቲር፣ ባሱ ጂም ዋይትሊ ሆኑ። አንድ ሸክላ፣ አንድ ስም፣ ሁለት ማኅበር ማለት ይቻላል። አሳታሚው በኖቲንግሃም የሚገኘው ኢርኤክ የተባለ አነስተኛ ድርጅት ነበር። የሃሪስ አመታት እጅግ ከመፍጠኑ የተነሣ ጆሮ ምቱን ለይቶ መቁጠር ያቅተዋል፤ ድምፃዊው ያጓራል እንጂ አይዘፍንም። የመጀመሪያው ዘፈን ርእስ ግን ዓለም አቀፍ ኩባንያዎችን የሚመለከት ነው፤ ጄፍ ዎከር የሣለው ሽፋንም ሱፍ የለበሱ ሰዎችን፣ የራስ ቅሎችንና የታወቁ ኩባንያዎችን ዓርማ አንድ ላይ ያሳያል።

ነቃፊው ቃሉ ካልተሰማ ተቃውሞው ለማን ነው ይላል። ከባድ ነቀፌታ ነው። ነገር ግን በለቅሶ ቤት የመጀመሪያው ዋይታ ቃል የለውም፤ አልቃሿ ግጥም የምታወርደው በኋላ ነው። ዋይታውን የሰማ ጎረቤት ምን ተባለ ብሎ አይጠይቅም፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። እርግጥ ጎረቤት ሟቹን ያውቃል። ሸክላ ገዢው ግን ማንን ያውቃል? እኔን የሚያጠራጥረኝ ይህ እንጂ የጩኸቱ ብዛት አይደለም።

በሌላ በኩል ቃል ጥርት ብሎ መሰማቱ ብቻውን ለተበዳዩ ታማኝነት አይሆንም። ይህን ከእኛ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። በ1984 እና በ1985 ወሎንና ትግራይን የፈጀው ረሀብ በእንግሊዝ ባማረ ዜማ ተዘፈነ፣ በለንደንና በፊላደልፊያም ታላቅ ኮንሰርት ተደረገለት። ቃሉ ሁሉ ይሰማ ነበር፤ የተራበው ሰው ግን ስም አልነበረውም፣ ምስል ብቻ ነበር። የተሰበሰበው ገንዘብ ነፍስ ማዳኑን መካድ ግፍ ነው። ይሁን እንጂ ቹምባዋምባ የተባለው ሌላው የእንግሊዝ ባንድ በ1986 የመጀመሪያ ሸክላውን ሲያወጣ፣ የተራቡ ሕፃናት ምስል ሸክላ ያሸጣል የሚል ርእስ የሰጠው ያለ ነገር አልነበረም። እንግዲህ ጣፋጩ ዜማ ሐዘንን ለሰሚው እንዳይከብድ አድርጎ ሲያቀርብ፣ የናፓልም ዴዝ ጩኸት ቢያንስ ይህን ማመቻቸት እምቢ ብሏል። ስለ ሥቃይ ሰምቶ ተደስቶ መሄድን ይከለክላል።

ወይስ አይከለክልም? የአንደኛው ገጽ መዝጊያ «ዩ ሳፈር» የሚባል ዘፈን ነው። ርዝመቱ 1.316 ሴኮንድ ሲሆን፣ በአራት ቃላት የሰው ልጅ ስለ ምን እንደሚሠቃይ ይጠይቃል። የቢቢሲው ጆን ፒል በሬዲዮ አስተዋወቀው፤ የጊነስ የክብረ ወሰን መጽሐፍም የዓለም አጭሩ ዘፈን ብሎ መዘገበው። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን የሚያነሣ ሰው የሚያነሣው ሴኮንዱን ነው፤ ጥያቄውን የሚያነሣ ጥቂት ነው። የኢዮብን ያህል የቆየ ጥያቄ ለጨዋታ ማድመቂያ ሆነ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የዘፈኑ ሳይሆን የመዝጋቢው ነው፤ ለመመለስ ጊዜ የማይሰጥ ጥያቄ መልሱን ከኋላው ለሚመጣው ዝምታ ይተዋልና። በሸክላ ዘመን ያ ዝምታ ረጅም ነበር፤ አድማጩ ተነሥቶ ሸክላውን መገልበጥ ነበረበት። ሲገለብጠው የሚያገኘው ሌሎች ሰዎችን ነው።

ሃሪስም በ1991 ባንዱን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ባንዱ ዘፈኑን በየመድረኩ ሲያቀርብ፣ ሸክላው በተቀረጸበት ክፍል ከነበሩት አንድም ሰው በመካከሉ የለም። ጥያቄው ይጮሃል፣ ከ2 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜም ያበቃል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል።