ጥጥን ማን አወፈረው?

ጥጥ የተባለው ጥንቸላችን ወደ ቤት የገባው ከሁለት ዓመት በፊት በጫማ ካርቶን ሆኖ ነው። ያን ጊዜ መዳፌ ላይ ይቀመጥ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን የዘጠኝ ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ሊያነሣው ሞክሮ አቃተው። ሁላችንም ሳቅን። አያቴም መነጽራቸውን አስተካክለው አዩትና፣ «ይሄማ ሙክት ሆኗል!» አሉ። በእኛ ቤት ይህ ምስጋና ነው። በእናንተም ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ ከርሞ የመጣ ዘመድ «ወፍረሃል፣ ተመችቶሃል» ሲባል ደስ ይለዋል እንጂ አይቀየምም።

እስቲ ስለ ሙክት ትንሽ እናስብ። እንስሳ ማወፈር በአገራችን የታወቀ ሙያ ነው። አስረን፣ ፉርሽካና ፋጉሎ አቅርበን ለበዓል እናደርሰዋለን። የሙክት ስብ ግን ቀን የተቆረጠለት ነው፤ በዓሉ ሲደርስ እንስሳውም ስቡም አብረው ያበቃሉ። ጥንቸል እንዲህ አይደለም። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ጋር ስለተቆጠረ ብዙ የአገራችን ሰዎች አይበሉትም፤ በእኛም ቤት ይህን ያሰበ የለም። በደንብ ከተያዘ ስምንት፣ ዐሥር ዓመት ይኖራል። እንግዲህ ጥጥ ያን ስብ የሚሸከመው በዓል እስኪደርስ ሳይሆን ዕድሜውን ሙሉ ነው።

ይህ የገባኝ አንድ ቀን ጠዋት በኋላው በኩል የቆሸሸ ጠጉሩን ሳይ ነው። ጥንቸል ሁለት ዓይነት በጠጥ አለው። አንዱ የምናውቀው ደረቅና ክብ ነው። ሌላው ለስላሳ፣ እንደ ትንሽ የወይን ዘለላ የተያያዘ ነው፤ ጥንቸሉ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊትና ማለዳ አጎንብሶ ከመውጫው ላይ ተቀብሎ ይበላዋል። አትጸየፉት፤ ሣሩ አንድ ጊዜ በሆዱ ሲያልፍ ያልሰጠውን ፕሮቲንና ቫይታሚን የሚያገኘው በዚህ በሁለተኛው ዙር ነው። የወፈረ ጥንቸል ግን ሆዱ ስለሚያግደው አጎንብሶ መድረስ ያቅተዋል። በጠጡ ጠጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ሽታው ዝንብ ይጠራል፣ ዝንብ እንቁላል ከጣለችበት ትሉ ሥጋውን እየበላ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ክብደቱ ደግሞ የኋላ እግሮቹን መርገጫ ያቆስላል። ጥጥ ግን ምንም አላሳየንም። ጥንቸል ሕመሙን ይደብቃል፤ በዱር ሲታደን የኖረ እንስሳ ስለሆነ ደካማ መስሎ መታየት አያዋጣውም።

የእንስሳት ሐኪሙ ሚዛን ላይ አስቀመጡት፤ 3 ኪሎ ከ200 ግራም። ጎኑን ዳስሰው የጎድን አጥንቱን ፈለጉ። በጤናማ ጥንቸል ላይ በቀላሉ ሊዳሰስ የሚገባው አጥንት እንደ ፍራሽ በሚረግብ ስብ ውስጥ ጠፍቶ ነበር። በእሳቸው ግምት ለአጥንቱ የሚስማማው 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ማነው የሚያበላው?» ብለው ጠየቁ። እኔና አባቴ ተያየን።

ማታ ሁላችንም ተቀምጠን ቆጠርን። አባቴ ጠዋት ከቁርሱ የዳቦ ቅርፊት ይሰጠዋል። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ብስኩት ያካፍለዋል። እናቴ ሙዝ ስትልጥ ጫፏን ትወረውርለታለች። አያቴ «ጦሙን እንዳያድር» እያሉ ማታ ማታ አንድ ጣሳ ፉርሽካ ያስቀምጡለታል። እኔ ደግሞ ካሮት። እያንዳንዳችን ስንጠየቅ የመለስነው አንድ ነው፦ «እኔማ የምሰጠው ትንሽ ብቻ ነው።» እውነታችንን ነበር። አምስት ሰው የሰጠው አምስት «ትንሽ» ነው ጥጥን ያወፈረው፤ ተጠያቂ ፈልጎ ግን አንድም ማግኘት አይቻልም።

ስለ ካሮቱ እውነቱን ልንገራችሁ። ማንም ለጥንቸል ካሮት መልካም ነው ብሎ አላስተማረኝም። ያየሁት በካርቱን ፊልም ነው፤ ባግስ በኒ እ.ኤ.አ. በ1940 ካሮት እያኘከ ከጉድጓዱ ብቅ ካለ ወዲህ የዓለም ልጅ ሁሉ ጥንቸልና ካሮትን ነጣጥሎ ማሰብ አልቻለም። የካሮት ሥር ግን ስኳር የበዛበት ነው። የቤት ጥንቸል ሁሉ አባት የሆነው፣ በስፔንና በፖርቱጋል ምድር የሚኖረው የዱር ጥንቸል የሚበላው ሣርና ቅጠል ነው እንጂ ካሮት ቆፍሮ አይደለም። እኔ ግን ጥጥ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ አፍንጫውን እያንቀሳቀሰ ሲለምነኝ፣ ካሮቱን ተቀብሎ ክርክር ሲያደርግ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። አባቴን ቢጠይቁት ስለ ዳቦው እንዲሁ ይላል። ታዲያ ያ ምግብ የማን ነበር? በጥጥ አፍ ይግባ እንጂ የምንጠግበው እኛ ነበርን።

መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 12 ቁጥር 10 ላይ ጻድቅ ሰው በቤቱ ላለው እንስሳ ሕይወት እንደሚያስብ ይናገራል። በወጣቶች ኅብረታችን ይህን ክፍል ስናነብ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። የቁጥሩ ሁለተኛ ክፍል ግን ርኅራኄ ራሱ ጭካኔ የሚሆንበት ሁኔታ እንዳለ ይናገራል። ቃሉ የተነገረው ለኃጥኣን ነውና እኛን አይመለከትም ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ግን እንዲህ ቶሎ አላልፈውም። በቤታችን በጥጥ ላይ የጨከነ አንድም ሰው የለም፤ ቁስሉ ግን አለ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን መናገር ያሳፍረኛል፤ ብዙዎቻችሁ የምታደርጉት ስለሚመስለኝ ግን አልደብቀውም። ከሐኪሙ በተመለስን በማግስቱ ተነሥቼ የጥጥን ጣሳ አጸዳሁና፣ «ዛሬ ውኃ ብቻ!» አልኩ። ንስሐ የገባሁ መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት የበደልኩትን በሁለት ቀን ልክሰው። ቤተሰቡንም አስጠነቀቅሁ፤ ማንም ምንም እንዳይሰጠው። ማታ ሳየው በአንድ ጥግ ተኮራምቶ ተቀምጧል። ተቆጥቶ ነው አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ከሣጥኑ ውስጥ አንድም በጠጥ አልነበረም። ሰላጣ ሳቀርብለት ፊቱን አዞረ። ጥርሱን ያፋጭ ነበር፤ የሕመም ምልክት መሆኑን ያኔ አላውቅም።

ሐኪሙ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። የጥንቸል አንጀት የሚንቀሳቀሰው ዘወትር ሣር ሲገባበት ነው። ከግማሽ ቀን በላይ ባዶውን ከቆየ እንቅስቃሴው ሊቆም፣ ጋዝ ሊሞላው፣ ሕመሙም መብላትን ጨርሶ ሊያስጠላው ይችላል። የወፈረው ደግሞ ከሁሉ የባሰ አደጋ አለበት፤ ምግብ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነቱ ስቡን በጥድፊያ ወደ ጉበት ይልካል፣ ጉበቱም በስብ ይታፈናል። ወፍራም ነው፣ ስንቅ አለው ብዬ ያመንኩበት ስብ ራሱ ሊገድለው ነበር። ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ሰጡት፤ ከዚያ ገንፎ የመሰለ የሣር ዱቄት በውኃ በጥብጠው መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከጎን በኩል በትንሽ በትንሹ አጎረሱት። ሌሊቱን እኔና እናቴ በየተራ ያንኑ ስናደርግ አነጋን። ሊነጋጋ ሲል ሦስት ትንንሽ በጠጥ ጣለ። እናቴ በደስታ አለቀሰች። ሰው በዚህ ያለቅሳል ብትሉኝ አላምንም ነበር።

በዚያ ሌሊት ስለ ጾም አሰብኩ። እኛ ስንጾም ፈቅደን ነው፤ ለምን እንደሆነ እናውቃለን፣ መቼ እንደሚያበቃም እናውቃለን። ጥጥ ይህ ሁሉ የለውም። እሱ ያየው ትናንት የሚያበላው እጅ ዛሬ ባዶውን መምጣቱን ብቻ ነው። ጸጸቴን በእሱ ሆድ ላይ ነበር የጾምኩት። ሳበላውም ስከለክለውም ያረካሁት ራሴን ነው፤ ስሰጠው ደስታዬን፣ ስከለክለው ሕሊናዬን።

ለጥንቸል የሚበጀው መንገድ የማያስደንቅ፣ ዘገምተኛ መንገድ ሆኖ ተገኘ። ምግቡን መቀነስ ሳይሆን መለወጥ ነው። ድርቆሽ ቀኑንና ሌሊቱን ያለ ልክ ይቀርብለታል፤ እኛ የሱሉልታ ድርቆሽ ከሚሸጡ ሰዎች እንገዛለን፣ ያልሻገተና አቧራ ያልበዛበት መርጠን። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ የሚሞርድለትም ይኸው ነው። ፉርሽካው በአንድ ቀን አልተቋረጠም፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከጣሳ ወደ ግማሽ፣ ከግማሽ ወደ ሁለት ማንኪያ ወረደ። ዳቦ፣ ብስኩትና ሙዝ ቀሩ። በእነሱ ፈንታ የካሮት ቅጠል፣ ሰላጣ፣ የድንብላል ቅጠል፣ አንዱን ለጥቂት ቀን ሰጥተን ሆዱ መቀበሉን እያየን ሌላውን እንጨምራለን። ማለዳና ሲመሻሽ፣ ጥንቸል በተፈጥሮው በሚነቃባቸው ሰዓታት፣ ከሣጥኑ ወጥቶ በግቢው ይንጎራደዳል፤ ድርቆሹን በሁለት ተራራቂ ጥግ ስለምናኖረው ሳይወድ በግድ ይመላለሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜ በካርቶን አድርጎ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝነዋል። ሐኪሙ የፈቀዱልን በሳምንት ከክብደቱ አንድ በመቶ ገደማ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይህ 32 ግራም ያህል ሲሆን ከአንድ እንቁላል ያንሳል። በዚህ ስሌት ወደ ተባለው ክብደት ለመድረስ ስድስት ወር ይፈጅበታል። ከዚህ ከፈጠነ ደስ ሊለን ሳይሆን ልንደውልላቸው ይገባል።

ከኅብረታችን አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ዳቦውን እየበላ ደስ ብሎት ቢሞትስ? አንቺ ማን ነሽና ትወስኚለታለሽ?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም። መልሴ እንዲህ ነው፦ የሣጥኑን በር የዘጋነው ቀን ወስነንለታል። ከዚያ ወዲህ አልወስንም ማለት አይቻለኝም፤ ዳቦ መስጠትም ውሳኔ ነው። ጥጥ የዛሬውን ዳቦ ከነገው የእግር ቁስል ጋር ማያያዝ አይችልም። ያን ማያያዝ የሚችለው ቁልፉን የያዘው ነው። ደግሞም በሁለት እግሩ ቆሞ የሚለምነው ሁልጊዜ ስለራበው አይደለም፤ ሲቆም ስለሰጠነው እንዲቆም ያስተማርነው እኛ ነን።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ፤ ይህን ይዛችሁ ወደ ሰው እንዳትሄዱ። አጠገባችሁ የምትቀመጠው እኅት ሰውነት የእናንተ ጥንቸል አይደለም። እሷ አፍ አላት፣ ፈቃድ አላት፣ ሐኪም አላት። ስለ ጥጥ ያልኩት ሁሉ የቆመው በሩን የዘጋሁበት እኔ በመሆኔ ላይ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ አያቴ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን ፍቅር በጉርሻ ነው፤ «በሞቴ» ተብሎ የተለመነን ሰው እምቢ ማለት ስድብ ነው። «ልጄ፣ ዐይኑን እያየሁ እንዴት ልከልክለው?» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ባስረዳቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ማታ ግን ጣሳው ሞልቶ ይገኛል። ሁለት ጊዜ ተቆጣሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተጸጸትኩ። ለካ የወሰድኩባቸው ፉርሽካውን ሳይሆን ማታ ማታ ከጥጥ ጋር የሚቀመጡበትን ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የማታው ድርቆሽ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ሥራ ሆነ። በርጩማቸውን አምጥተው ይቀመጣሉ፣ ከነዶው አንድ አንድ ዘለላ እየመዘዙ ያቀብሉታል፣ እሱም እስከ መጨረሻው ይስበዋል። እንደ ልባቸው ሊያበሉት ይችላሉ፤ ከዚህ ምግብ መብዛት የለበትምና።

ባለፈው ቅዳሜ ሚዛኑ 2 ኪሎ ከ840 ግራም አሳየ። በማግስቱ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ስዘጋጅ አያቴ ከደጅ ጠሩኝ። «ነይ እስቲ፣ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጎነበሰው?» አሉ። ጥጥ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጭንቅላቱን በሆዱ ሥር አሳልፎ እስከ ጭራው ደርሶ ነበር። ቀና ሲል አፉ ያኝካል። ምን እንደሚበላ ነገርኳቸው። አያቴ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ «ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ የሰጠሁት አልበቃው ብሎ ነው ብዬ» አሉና በርጩማቸውን ወደ እሱ ጠጋ አደረጉ።