በምስር ቀቃዩ ላይ ለምን እንስቃለን?

በቴሌቪዥን የሚቀርብ ቀልድ የቁም ነገር መነሻ ሊሆን አይችልም የሚል አንባቢ ካለ ይህን ጽሑፍ ከዚሁ ላይ ቢተወው አልቀየምም። እኔ ግን ሰው በምን እንደሚያለቅስ ከማየት ይልቅ በምን እንደሚስቅ ማየት ስለ ማንነቱ የበለጠ ይነግረናል ባይ ነኝ። ሰው ሲያለቅስ ለይሉኝታም ሊሆን ይችላል። ሳቅ ግን ሳያስበው ያመልጠዋል።

ላነሳው የፈለግሁት ቀልድ የእንግሊዞች ነው። «ዘ ያንግ ዋንስ» ይባላል፤ «ወጣቶቹ» እንደ ማለት ነው። ቢ.ቢ.ሲ. በሁለተኛው ጣቢያው በ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1984 የጨረሰው ሲሆን በጠቅላላው 12 ክፍል ብቻ ነው። የጻፉት ቤን ኤልተን፣ ሪክ ማያልና ሊዝ ሜየር ናቸው። አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሰሜን ለንደን አንድ የተጎሳቆለ ቤት ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። የሥጋ ዝምድና የላቸውም፣ በመካከላቸው ወላጅ የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ የቤት ሠራተኛ የለም። እንግዲህ የእኔም ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ላይ ነው። ዘመድም፣ ፍርሃትም፣ ይሉኝታም በሌሉበት ቤት ውስጥ ሳህኑን የሚያጥበው ማን ነው?

በዚህ ቤት የሚያጥበው ኒል ነው። ኒል ጸጉሩን ያስረዘመ፣ ስለ ሰላም የሚማር፣ ድምፁ የሚጎተት፣ ሁልጊዜ ያዘነ ልጅ ነው። ምግብ የሚያበስለው እሱ ነው፤ የሚያበስለውም ዘወትር ምስር ነው። የተቀሩት ሦስቱ ምስሩን ይበሉና ይሰድቡታል። ቪቪያን ሕክምና የሚማር፣ ጸጉሩን ቀይ ያደረገ፣ ግንባሩ ላይ የብረት ኮከቦች የተከለ ነው፤ ግድግዳ ይደረምሳል፣ ያገኘውን ይሰባብራል። ማይክ ቁመቱ አጭር፣ አለባበሱ የተስተካከለ፣ ራሱን የቤቱ አለቃ አድርጎ የሾመ ሰው ነው። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ሪክ ግን ሊታለፍ አይገባውም። ሪክ ሶሲዮሎጂ ይማራል፤ አናርኪስት ነኝ ይላል፤ ራሱን «የሕዝብ ገጣሚ» ብሎ ይጠራል። በንግግሩ ሁሉ ጭቁኑ ሕዝብ አለ፣ ፋሺስቱ መንግሥት አለ፣ ነገ የሚመጣው ለውጥ አለ። ከእሱ ክፍል ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ለእሱ ምግብ የሚያበስለውን ሰው ግን እንደ ሰው ቆጥሮት አያውቅም። ሕዝብን መውደድ ለሪክ ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ሕዝብ ሽንት ቤቱን ቀድሞ አይዝበትም፣ ወተቱን አይጠጣበትም፣ ሌሊት እያንኮራፋ እንቅልፍ አይነሳውም። ኒል ግን ይህን ሁሉ ሊያደርግ ይችላል። ሰው የሚፈተነው ከማያየው ሕዝብ ጋር ሳይሆን ከዚህ ከሚያየው ሰው ጋር ነው። ሪክ ማያል ይህን ገጸ ባሕርይ ሲጫወት አፍንጫውንና ከንፈሩን የሚያጣምምበት ሁኔታ ለብዙ ዘመን ከአእምሮ አይጠፋም። ተዋናዩ በ2014 እ.ኤ.አ. በ56 ዓመቱ ሞቷል።

«ቦምብ» የተባለውን ክፍል እንይ። የአቶሚክ ቦምብ ከሰማይ ይወርድና ወጥ ቤታቸው ውስጥ ይቆማል። ቪቪያን ሊያፈነዳው ይታገላል። ሪክ መንግሥትን ማስፈራሪያ ሊያደርገው ይሯሯጣል። ኒል ደግሞ ስለ ኑክሌር ጥቃት ለሕዝብ የተዘጋጀውን የመንግሥት መመሪያ ይዞ፣ ፍንዳታውን ይመልስልኛል ብሎ ሰውነቱን ነጭ ቀለም ይቀባል። ተመልካች ከሁሉም በላይ የሚስቀው በኒል ነው። ይሁን እንጂ ከአራቱ ውስጥ አንድ እንኳን ሰው ለማትረፍ የሚሞክረው ይኸው የሚሳቅበት ልጅ መሆኑን ማን ልብ አለው?

ታዲያ ለምን ይሳቅበታል? ቅን ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ቅን ሰው በዝምታ ሲያገለግል አይሳቅበትም፤ እንዲያውም ያስፈራል። ኒል የሚያስቀው ስለሚያማርር ነው። ምስሩን እየቀቀለ፣ እኔ ነኝ የቀቀልኩት፣ እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ ማንም አላመሰገነኝም ይላል። ውለታውን እየቆጠረ ያቀርባል። በጎ ሥራን መመጻደቅ ቢከተለው ምንዳው እንደሚጠፋ የማያውቅ ሙስሊም አንባቢ የለም። ስለዚህ «ኒል የራሱን ዋጋ ራሱ አጥፍቶታል፤ ይሳቅበት» ብሎ የሚከራከር ሰው ማስረጃ ያለው ይመስላል።

ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። ያ ማስጠንቀቂያ የተነገረው ለማን ነው? ለሰጪው ነው። ኒል ብቻውን ሲሆን ራሱን እንዲመረምርበት የተነገረ ነው። ሪክ ሆዱን ከሞላ በኋላ «አጉረምርመህ ስላቀረብክልኝ ዕዳ የለብኝም» እንዲልበት የተነገረ አይደለም። የሰጪው ምንዳ ጠፋ ማለት የተቀባዩ ዕዳ ተሰረዘ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ በተለያየ መዝገብ የተጻፉ ሒሳቦች ናቸው። ምስሩ በልተውት አልቋል። ሳህኑ ታጥቧል። ያማረረውም ያላማረረውም እጅ ያጠበው ሳህን እኩል ንጹሕ ነው።

በእኔ አስተያየት በዚያ ቀልድ ውስጥ ሳቁ የሚወግነው ለበላተኞቹ ነው። ፕሮግራሙ የተቀረጸው ተመልካች በተገኘበት ስቱዲዮ ስለሆነ ሳቁ ይሰማል፤ ኒል አፉን በከፈተ ቁጥር ገና ነገሩን ሳይጨርስ ይፈነዳል። ለሦስትና ለአራት ሆኖ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ሳቅ ያውቀዋል። መርካቶም ሆነ ጅዳ፣ በየቤቱ አንድ ኒል አለ፤ ውሃ የሚቀዳ፣ ኪራዩን ሰብስቦ የሚከፍል፣ የታመመ ሲኖር የሚያድር። ይህ ሰው አንድ ቀን ከፍቶት ሲናገር ሌሎቹ ተያይተው ይስቃሉ፤ «ደግሞ ጀመረው» ይባላል። በዚያች ሳቅ ውስጥ ሥራውን ለመካፈል ማንም እንደማይነሳ ስምምነት ተደርሷል። ሳቁ ክፍያውን ያስቀራል ማለት ነው። ስለ ጎረቤት ሐቅ ብዙ እንሰማለን፤ በአንድ ጣሪያ ሥር በአንድ ድስት የሚበላ ባልደረባስ ሐቁ ከጎረቤት ያነሰ ነው?

ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ እዚያው እንግሊዝ ሀገር ሌላ የተማሪዎች ቤት በቴሌቪዥን ታየ። «ፍሬሽ ሚት» ይባላል፤ ቻናል ፎር ከ2011 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው፤ ቤቱ በማንቸስተር ከተማ ነው። በመካከል ብዙ ተለውጧል። በ1982 የሀገሩን ተማሪ የትምህርት ክፍያ መንግሥት ይሸፍን ነበር፤ በ1998 ክፍያ ተጀመረ፤ በ2012 ለእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት እስከ 9,000 ፓውንድ ደረሰ። በአዲሱ ቤት ግድግዳ የሚደረምስ የለም። የሀብታም ልጅ ናት እንዳትባል ኑሮዋንና እውነተኛ ስሟን ደብቃ ኦሪገን ነኝ የምትል ልጅ አለች። ፖል የሚባል ተከራይም አለ፤ ክፍሉ እዚያው ነው፣ ነገር ግን አብረውት የሚኖሩት ፊቱን አያዩትም፤ «የማይታየው ፖል» ይሉታል፤ ይሳቃል።

ሁለቱን ቤቶች ሳስተያይ የትኛው እንደሚከፋ መፍረድ ቸግሮኝ ቆይቷል። አሁን ግን እላለሁ፦ የኋለኛው ይከፋል። ኒል ተሰድቧል፣ በመጥበሻ ተመትቷል፤ ይሁን እንጂ በስሙ ይጠራል። የት እንዳለ ይታወቃል፤ ባይኖር በማግሥቱ ራት ስለማይኖር ይፈለጋል። የማይታየው ፖል ግን ከክፍሉ ቢጠፋ በቤቱ ውስጥ የሚጎድል ነገር የለም። የመጀመሪያው ቤት ሰዎች ዕዳቸውን ይክዳሉ፤ የሁለተኛው ቤት ሰዎች ግን ከፖል ጋር ዕዳ የሚያገባቡበት መንገድ እንኳን የላቸውም።

የ«ዘ ያንግ ዋንስ» የመጨረሻው ክፍል በ1984 ሲታይ አራቱ ተማሪዎች ከቤቱ ይባረራሉ። ባንክ ይዘርፋሉ፤ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሰርቀው ይሸሻሉ፤ አውቶቡሱም ከገደል ይወድቅና ይፈነዳል። ኒልም አብሮ ተሳፍሮ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምስሩን አንድም ሰው አላመሰገነለትም፤ እሱ ግን አብሯቸው ነበር።